በሁለተኛ ማርሽ ዓባይን መውረድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኮንትራት መኪና መንዳት የጀመርኩ ዕለት የመኪናው ባለቤት ጋሽ ሙሉ ጎማ አስፈተሹኝ፣ ዘይት አስለኩኝ፣ ከዚያ ከጎኔ ተቀምጠው ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ አስነዱኝ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደ ገደሉ አየት ሳደርግ መሪውን በጣታቸው መታ አደረጉት።

«ምን ታያለህ?»

«አገሩን።»

«አገሩን ለተሳፋሪው ተውለት። ያንተ አገር አስፋልቱ ነው።»

ቁልቁለቱ ሳይጀመር ሁለተኛ ማርሽ ማስገባትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መኪናውን ሞተሩ ይይዘዋል፤ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ፍሬኑን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬን ሸራው ሲቃጠል ይሸተዋል።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ለዓመታት በዚያ በረሃ ስመላለስ የማውቀው ኩርባውን፣ የተሰነጠቀውን አስፋልትና ዝንጀሮዎች የሚቀመጡበትን የግንብ ከለላ ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት እማማ እታገኝ የሚባሉ ሴት ኮንትራት ያዙኝ። ጠቅልለው አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ጓዙን ከኋላ አስሬ እሳቸውን ጋቢና አስቀመጥኳቸው።

«አንድ ነገር ልለምንህ፣ ልጄ» አሉኝ ከከተማ ሳንወጣ። «በዚህ መንገድ ስንቴ ሄጃለሁ፣ ዓባይን ግን አይቼው አላውቅም። ገደሉን ስለምፈራ በነጠላ ተሸፍኜ ነው የማልፈው። ባሌ ፍሬን የሚያቀዘቅዝበት፣ ምሳውን የሚበላበት ትልቅ ድንጋይ አለ። ነይ ላሳይሽ እያለ ሲለምነኝ፣ እኔም እንቢ እንዳልኩት ሞተ። ከዛሬ በኋላ አልመለስም። ዛሬ ካላየሁት ቀረ።»

ድንጋዩን አውቀዋለሁ። አጠገቡ አንድ መኪና የሚያስቆም ለጥ ያለ ቦታ አለ።

እስከ ደጀን መንገዱ ይመቻል። ጤፉ ወደ ቢጫነት እየዞረ ነበር፤ በስተግራ የጮቄ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። እማማ እታገኝ ሉማሜ ላይ ዳቦ ገዙ፤ የማን ማሳ እንዳማረ፣ የማን አረም እንደበላው ሲነግሩኝ ደጀን ደረስን። አስፋልቱ ቁልቁል መታጠፍ ሲጀምር ነጠላቸው ፊታቸው ላይ ነበር።

«እማማ፣ ተሸፈኑ እኮ።»

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ወሬ አልችልም። ስለዚህ የምሠራውን መናገር ጀመርኩ። «አሁን ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነን። ይሄ ጩኸት ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ነው። ወደ ግራ ልንታጠፍ ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ዳገቱን እየወጣ ነው፤ ቆሜ አሳልፈዋለሁ።»

«ባሌ እንዲህ ቢነግረኝ ኖሮ» አሉ ከነጠላው ውስጥ። «እሱ ‹ምን ያስፈራሻል› ብቻ ነው የሚያውቀው።» ከዚያ «ቀጥሎስ?» አሉኝ።

«ወደ ቀኝ ነው» ስል አንድ ዓይናቸው ወጥቶ መንገዱን ያያል።

ድንጋዩ ጋ አቆምኩ። እጅ ፍሬን ሳብኩ፣ የኋላ ማርሽ አስገባሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግኩ። ከዚያ በራቸውን ከፍቼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ነጠላው ትከሻቸው ላይ ወረደ። ገደሉ በእርከን በእርከን ይወርዳል፤ ላዩ ጥቁር፣ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ታቹ ቀይ ነው። ከሥር ዓባይ ገና የክረምቱ ድፍርስ ሳይለቀው ይሄዳል፤ በላዩ ሁለቱ ድልድዮች ጎን ለጎን እንደ ክር ቀጥነዋል። ማዶ የሸዋ አፋፍ ከእኛው አፋፍ ጋር እኩል ቆሟል። መሪ ሳልይዝ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

እማማ እታገኝ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ይሄን እያየ ነው ለካ የሚበላው» አሉ። «እኔ ደግሞ ምሳውን በረሃ ላይ ብቻውን በላ እያልኩ አዝንለት ነበር።»

ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ። የቀረውን ቁልቁለት ሳይሸፈኑ ወረዱ፤ ኩርባውን ከኔ ቀድመው ይጠሩልኝ ነበር።

ጋሽ ሙሉ ልክ ናቸው፤ መሪ የያዘ ሰው አገር አያይም። ማየት የፈለገ ሾፌር ለጥ ያለ ቦታ ላይ ያቁም፣ ጎማውን ያስደግፍ፣ ወርዶ ይይ።