የወይፈኑ ጭንቅላት

ደብረ ታቦር ቅቤ ተራ በገባሁ ቁጥር ሽታው ጉና ሥር ወደነበረው እርሻችን ይወስደኛል። ያኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን አባቴ ወይፈን ለእርሻ እያቀና ነበር። ወይፈኑ ትልሙ ጫፍ ደርሶ አልዞርም አለ። እምቢ ማለቱ እንኳ አልነበረም፤ አልገባውም። ጅራፉ ቆዳውን እየላጠው ዝም ብሎ መሬት መሬት ያያል።

ድንበሩ ላይ ቆመው ሲያዩ የቆዩት የአባቴ አጎት፣ «በከንቱ ትገርፈዋለህ» አሉ። «ጥጃ ሳለ ሁለቴ እንደሳበ ከጡት ትጎትተው ነበር። ጭንቅላቱን ያኔ ቅቤ አድርገህ ሸጠኸዋል።»

«ታዲያ በምን ልደር ይሉኛል?» አለ አባቴ፤ ደግሞ ገረፈው።

ጭንቅላት እንዴት ቅቤ እንደሚሆን ስላልገባኝ ሳቅኩ። ምሳ ይዛ የመጣችው እናቴ ግን አልሳቀችም። አጠገቧ የቆመችው ታናሽ እኅቴ ጡት የጣለችው በዚያው በጥጃው ዓመት ነው፤ ከላማችን ወተት ለእሷም ጠብታ አልደረሳትም። እናቴ ወይፈኑን ትታ እሷን ታይ ጀመር።

ዛሬ ቅቤዬን ገዝቼ ስወጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ያቺው እኅቴ ቁሚ ያልኳት ቦታ ቆማለች፤ ዝናብ እየወረደባት፣ አንድ እርምጃ ወደ ጣሪያው ሥር ሳትጠጋ።