የአባባ ፈረስ ጆሮዋ ረዘመ

ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ከሁለት ዓይነት ውሻ የተዳቀለ ጸጉራም ቡችላ በስልኩ አሳየኝና በቤት ዋጋ እንደሚሸጥ ሲነግረኝ በሳቅ ሞትኩ። ማዳቀል ብርቅ ሆኖበት! ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን ፎቶ የሚያነሳ ጠፋ እንጂ ስንት ጉድ ታይቷል።

አባባ ፈረሰኛ ናቸው። በጥር የፈረሰኞች በዓል ሳይጋልቡ የቀሩበትን ዓመት አላስታውስም፤ ወገባቸው እስኪከዳቸው ድረስ። ሐኪም ፈረስ ከለከላቸውና በዓሉን አጥር ተደግፈው አዩ። ያን ቀን እራት አልበላም አሉ። እኔ ደግሞ ወሰንኩ፦ በቅሎ ትወለድላቸዋለች። በቅሎ እንደ ፈረስ አታንገጫግጭም፤ ሰጋር ከሆነችማ የተቀመጠባት ሰው ሻይ ቢይዝ አይፈስበትም።

«በቅሎ? እኔ ከፈረሰኛ መሃል በበቅሎ?» አሉ አባባ። «ለዚያውም ባዝራዬን ለአህያ ልድር?»

አባባ ባዝራቸውን የሚያናግሯት በአዊኛ ነው። አህያን ግን በአማርኛ ነው የሚያዙት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ቤተሰብ አይደለማ» ብለውኛል። እናቴ «እንግዲያውስ ዘንድሮም አጥሩን ይደገፉ!» ባትላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

አህያው የመጣው ከዳንግላ፣ ከአንድ የጨው ነጋዴ ዘንድ ነው። ለበቅሎ የታሰበ አህያ ከውርንጭላነቱ ባዝራ እያጠባች ታሳድገዋለች፤ አለዚያ ሲያድግ ባዝራ አይቀርብም። የዚህኛው አስተዳደግ ግን ልክ አልፏል፤ ራሱን ፈረስ አድርጎ ቆጥሯል። «መንገድ ላይ አህያ ሲያይ እንኳ ፊቱን ያዞራል» ብሎ ነጋዴው በኩራት ነገረን።

አህያውን ግን ኩራቱ ቁመት አልጨመረለትም። ባዝራዋ ረጅም፣ እሱ አጭር። ስለዚህ እንደ ደንቡ እሷ የምትቆምበትን መሬት ቆፈርን። አባባ ዓይኗን በነጠላቸው ሸፈኑና ይቅርታ የሚመስል ነገር በአዊኛ ሹክ አሏት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውን ግቢው ዳር ያለውን ቀርከሃ ማየት ጀመሩ።

«እኔ ይህን አላይም!»

አህያው ይሞክራል፣ ይንሸራተታል፤ ነጋዴው «አብሽር!» ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ አባባ ዘወር ሳይሉ «ጉድጓዱ አልጠለቀም» አሉ። ቆፈርን። «ከኋላ እግሯ በኩል! ከኋላ!» አሉ አሁንም ቀርከሃውን እያዩ። በእሳቸው መሪነት ነገሩ ተሳካ።

በዓመቱ ገደማ በቅሎ ተወለደች። ጆሮዋ ከእሷ ቀድሞ የተወለደ ይመስል ነበር። አባባ ብዙ ካዩዋት በኋላ «እግሯስ የእናቷ ነው» አሉ። እያደገች ስትሄድም ሌላ ሰው እንዲያሠለጥናት አልፈቀዱም፤ የሚያዟት ግን በአማርኛ ነበር።

ለመቀመጥ ስትደርስ፣ ለጥር በዓል የፈረስ ጌጥ አለበሷት። ያን ጆሮ ደግሞ በቀይ የሱፍ ዘርፍ ጠቅልለው አሰሩት። ማንን ሊያታልሉ እንዳሰቡ እንጃ፤ እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቀጥ ብለው፣ ወገባቸውን ሳይዙ፣ ከፈረሰኞቹ መሃል ገቡ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ይኼኔ በቅሎዋ ጮኸች። በፈረስ ጀመረችና በአህያ ጨረሰችው።

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። የአባባ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ እሳቸውም ወገባቸውን ታመው ፈረስ የተዉ፣ አጥሩን የተደገፉ ሽማግሌ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። የአባባ ፊት ሲለዋወጥ አየሁና አሁን ይወርዳሉ፣ ዳግመኛም አይቀመጡባትም ብዬ ፈራሁ።

አልወረዱም። ጎንበስ ብለው ዘርፉን ፈቱት። ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ አንገቷን ዳበስ አድርገው በአዊኛ አናገሯትና ሜዳውን ዙሪያውን እያሰገሩ ዞሩ። በአዊኛ! እኔም አለቀስኩ።

በሳምንቱ ወደ ግቢያችን ብሄድ የዳንግላው ነጋዴ ከነአህያው ቆሟል። ያ ሁሉ ሳቅ የሳቁት ሽማግሌ ደግሞ የራሳቸውን ባዝራ ይዘው ቆመዋል፤ ነጠላቸው ዓይኗ ላይ ነው። አባባ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ።

«አንተ ፊትህን ወደ ቀርከሃው አዙር» አሏቸው ጓደኛቸውን። «ሲጠልቅ እኔ እነግርሃለሁ።»