ወደብ ላይ የሰገድኩ ቀን

ልጄ የላከልኝ ትኬት መሄጃ ብቻ ነበር። ከፌርፋክስ ሰፈር በታክሲዬ ሰው እየጫንኩ ኤርፖርት ሳመላልስ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ መመለሻ ያለውን ከሌለው የማልለይ መሰለው? በጣም ብናደድም ሻንጣዬን ዘግቼ ሄድኩ። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ "ብቻሽን መኖር አትችይም፤ መኪናውን ሽጪና እኔ ጋ ነይ" እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሟል።

እሱ ያለበት ከተማ ክረምት ሲገባ ባሕሩ ራሱ በረዶ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ወደቡ ይዞኝ ሄደ። ጀልባዎቹ በረዶ ይዟቸው ቆመዋል፤ ሰዉ መሐል ድረስ በእግሩ ይሄዳል።

"እማ፣ አንቺ መኪና ውስጥ ሁኚ፤ ሂተሩን ኦን አድርጌልሻለሁ።"

"ማንን ነው መኪና ውስጥ የምታስቀምጠው?" ብዬ ወረድኩ።

በረዶውን በመሰርሰሪያ በስቶ መንጠቆ ጣለልኝ፤ ታጣፊ ወንበርም ዘረጋልኝ። ክሩን ስጠብቅ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ደረሰ። ከቀዳዳው እየጨለፍኩ ፊቴንና እጄን ታጥቤ ውዱእ አደረግኩ። እሳት ነው እንጂ ውሃ አይባልም። እግሬን ግን በማጠብ ፈንታ፣ ጠዋት ውዱእ አድርጌ ባጠለቅኩት የቆዳ ካልሲ ላይ በእርጥብ እጄ አበስኩ፤ እብድ አይደለሁም።

"እዚያው ወንበሩ ላይ ስገጂ፣ እማ። ጉልበትሽ!"

ለታመመ ተፈቅዷል፣ እውነት ነው። ዌስት አዳምስ ባለው ቤቴም ሰው ሳያየኝ ወንበር ላይ የሰገድኩበት ቀን አለ። ያን ቀን ግን በልጄ ፊት ወንበሩ ላይ ብሰግድ፣ ለሁልጊዜው መቀመጤ ነበር። መስገጃዬን በረዶው ላይ አነጠፍኩ።

ሱጁድ ላይ ሳለሁ ልጄ ጮኸ። "እማ! ተያዘ! ዓሣው ተያዘ!"

ግንባሬን አላነሳሁም። የሚጠብቅ ከሆነ ይጠብቅ፤ ካልሆነ ይሂድ። ለመነሳት ስሞክር ግን ጉልበቴ እምቢ አለ። ልጄ ክሩን ትቶ እጁን ዘረጋልኝ። ስለሚወደኝ ነው፤ አውቃለሁ። አልያዝኩትም። መዳፎቼን መስገጃው ላይ ተክዬ፣ መጀመሪያ አንዱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን አነሳሁና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ሶላቴን ጨርሼ ክሩን ስስብ ዓሣው እዚያው ነበር፤ ክንዴን ያህላል። ልጄ ዓሣውንም እኔንም አየና ስልኩን አወጣ።

"የመመለሻ ትኬቱን ለመቼ ልግዛልሽ?"

"ለሐሙስ" አልኩት። "ዓርብ ጠዋት ከሃውቶርን ሰፈር ጭኜ ኤርፖርት የማደርሰው ሰው አለኝ።"