ወደ ምሥራቅ የዞረው ሶላር

ያን ቀን ወንድሜ የቤታችን ጣሪያ ላይ ሆኖ ይሥቅ ነበር። አብሮን የሚውልበት የመጨረሻው ቀን መሆኑን ማን ያውቃል።

ሥራው ሶላር መትከል ነበር። ከፍኖተ ሰላም እየተነሣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ገጠሩም ድረስ ይሄዳል። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለሆነ የመብራቱ ምሰሶ እኛ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። የራሳችንን ሲተክል አባዬ ከታች ቆመው ያዝዙ ነበር። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን አሉ። ጸሎትም ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከፀሐይ በረከት የሚሻ ሰው ለመውጫዋ ጀርባውን አይሰጥም አሉ።

ወንድሜ ወደ ደቡብ ቢሆን እንደሚሻል ቀስ ብሎ ነገራቸው። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ካገኘ ባትሪው በደንብ አይሞላም።

«ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንጂ በምሥራቅ አትውልም፣ አባዬ» አላቸው።

«ያስተማሩህ ሰዎች ዳዊት አይደግሙም እንዴ?»

ሣቀ። አባትን ጣሪያ ላይ ቆሞ መከራከር ነውር ነው። ወደ ምሥራቅ አሰረው። ሲወርድ ግን፣ ጥቂት ካመሹበት በኋላ ራሳቸው «አዙረው» ይሉኛል፣ ያኔ መጥቼ አዞረዋለሁ አለኝ በሹክሹክታ። ከደጃችን ሆነን ቁልቁል ከተማውን አየን። ቆርቆሮው ሁሉ ያብለጨልጫል።

«ይሄ ሁሉ ጣሪያ በከንቱ ይግላል» አለ።

«አንድ ቀን የፍኖተ ሰላም ሰው መብራት ጠፋ ብሎ ሻማ አይፈልግም» አለኝ። ሁሉም ከራሱ ጣሪያ ያበራል። እንዲህ ሲያወራ ደስ ይል ነበር።

በማግስቱ ወደ ቡሬ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ድንኳን ተተከለ። ቀበርነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገው አስተኙት። ይሄን አስታውሳለሁ።

ማምሻውን ለቀስተኛው ሳይበተን የሶላሩ አምፖል እየደከመ ሄደ። ከዚያ ጠፋ። ሰዎች ኩራዝ ሊለኩሱ ተነሡ። እናቴ እጃቸውን ያዘች።

«የሱን መብራት ነው የምሻ» አለች።

ኩራዙን መልሰው አስቀመጡት። በጨለማ ተቀመጥን።

ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ መሰላሉን አቆምሁ። የወንድሜን ፒንሳና የብሎን መፍቻ ያዝሁ። አባዬ እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ነበር። ከድንኳኑ ወጥተው መጡና መሰላሉን ያዙልኝ።

«ወደ የት ነበር ያለው?»

«ወደ ደቡብ።»

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣሁ። አንዱ ብሎን አልፈታ አለኝ፤ አጥብቆት ነበር። ታገልሁት። ሶላሩን ወደ ደቡብ አዞርሁና መልሼ አሰርሁት። ከለቅሶው ደጅ የተነሣው አቧራ ላዩ ላይ ተኝቷል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።