አባቴ የት መታከም እንደሚሹ የተጠየቁ ቀን

ይህ የሆነው ካቻምና፣ ጉና ላይ ገብስ መታጨድ በጀመረበት ሰሞን ነው። አባቴን ይዤ ሕክምና ፍለጋ ብዙ ተንከራትቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ግን አንዲት የማላውቃት ሴት ሆስፒታል ውስጥ የጠየቀችው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

አባቴ ከገሳይ በላይ፣ በጉና ተራራ ጥግ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። እኔ ከዓረብ አገር ከተመለስሁ ወዲህ ደብረ ታቦር ልብስ እየሰፋሁ እኖራለሁ።

በዚያ ክረምት አባቴን እንጀራ ያንቃቸው ጀመር። መጀመሪያ ወጥ አብዝተው እያራሱ ይበሉ ነበር። ኋላ ገንፎም አልወርድ አላቸው። መስከረም ላይ ቤቴ ሲመጡ ሱሪያቸውን በገመድ ጠፍረውት አየሁና ደነገጥሁ። “ብርዱ ነው” አሉኝ። የጉና ሰው ሕመም ሁሉ ከብርድ ይመስለዋል።

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ በጉሮሯቸው ካሜራ አስገብተው አዩ፤ ለምርመራም ሥጋ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ የደረሰ ዕለት ሐኪሙ አባቴን ውጭ እንዲጠብቁ ነግሮ እኔን አስቀረኝ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው፣ ጉበታቸውም ላይ ደርሷል አለኝ። ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። አዲስ አበባ ሄደው ወረፋ ጠብቀው ጨረር ቢወስዱ ጥቂት ዕድሜ ሊጨምርላቸው ይችል ይሆናል። ያ ካልሆነ እዚሁ ምግብ የሚያሳልፍ ቱቦ ገብቶላቸው፣ የሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ ቤታቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ግን አያድኗቸውም። ተመካከሩና ንገሩኝ አለ።

ስወጣ አባቴ ከአግዳሚው ተነሡ። “የጨጓራ ቁስለት ነው ብሏል” አልኋቸው። “ተመስገን” አሉ።

ዘመድ ሁሉ በስልክ ተመካከረ። ወንድሜ አዲስ አበባ ይምጡ አለ፤ ሐኪም ማፈላለግም ጀመረ። የአባቴ እኅት ጸበል ይግቡ አለች። ሁሉም የተስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእሳቸው እንዳይነገራቸው። ከሰሙ ድንጋጤው ይገድላቸዋል አሉኝ። እኔም አመንሁ። በመጨረሻ የወንድሜ ሐሳብ አሸነፈና፣ የአዲስ አበባውን የሪፈር ወረቀት ለመቀበል አባቴን ይዤ እንደገና ባሕር ዳር ወረድሁ።

ተራችንን ስንጠብቅ አንዲት ሴት መጥታ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። ፀጉሯ አልቆ ራሷን በሻሽ ጠቅልላለች። ከሐሙሲት ነው የመጣሁ አለች። ስለ አዝመራው፣ ዘንድሮ በረዶ ስለመታው ጤፍ ተጨዋወቱ። ከዚያ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ፣

“አንቱንም ካንሰር ነው የያዘዎት? እኔን ጡቴን ነው” አለቻቸው።

አፏን ላዘጋት ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አባቴ ቀደሙኝ።

“አዎ ልጄ። እኔን ጉሮሮዬን ነው።”

ሴትዮዋ የት ሊታከሙ እንዳሰቡ ጠየቀቻቸው።

“እኔ አላውቅም። ልጆቼ ያውቃሉ።”

“አንቱስ የት ይሻሉ?”

አባቴ ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። ወዲያው የሴትዮዋ ስም ተጠራና፣ እግዜር ይማርዎ ብላ ገባች። ስሟን እንኳ በደንብ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲህም አላየኋትም።

በእሷ ቦታ ተቀመጥሁ። መቼ እንዳወቁ ጠየቅኋቸው።

“ሐኪሙ እኔን አስወጥቶ አንችን ያስቀረ ዕለት። ስትወጭ ዓይንሽን አየሁት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

“ልትደብቂኝ ስትለፊ አየሁና አሳዘንሽኝ” አሉ።

እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስሁ። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ተራችን ሲደርስ አብረን ገባን። ለሐኪሙም ራሳቸው ተናገሩ። አዲስ አበባ ብሄድ የከርሞውን ገብስ አያለሁ ወይ ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ “አይመስለኝም አባቴ” አላቸው። ቱቦው ቢገባስ ውኃ እውጣለሁ ወይ አሉት። ውኃም፣ ወተትም፣ አጥሚትም ይወርድልዎታል አላቸው።

“እንግዲያው እሱን አድርግልኝና ቤቴ ልግባ” አሉ።

ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው ተቆጣ። ተስፋ አስቆረጥሻቸው አለኝ። አባቴ ስልኩን ተቀበሉኝ። “እሷን አትቆጣ፣ እኔ ነኝ ያልሁ። ይልቅ አንተ ናልኝ” አሉት።

ቱቦው ገባላቸው። መጀመሪያ ወተት ሲጠጡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሲወርድ በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ወደ አገራቸው ወሰድኋቸው። ጎረቤት በየተራ እየመጣ አጫወታቸው። ወንድሜም ለገና መጣና ሳይመለስ ቀረ። ጢማቸውን ይላጫቸዋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግፎ ደጅ ያስቀምጣቸዋል። እኔ መድኃኒቱን ከደብረ ታቦር እያመጣሁ እመላለስ ነበር።

ሁሉም ቀን ግን ደግ አልነበረም። መድኃኒቱ አልበቃ ብሎ ሲያቃስቱ፣ ምናለ አዲስ አበባ በወሰድኋቸው እያልሁ ከቤት ወጥቼ ያለቀስሁበት ቀን ብዙ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይፈታ፣ አንድ ማለዳ ወንድሜ ቀና አድርጎ ደግፏቸው ሳለ አረፉ።

ወንድሜ እስካሁን አልፎ አልፎ፣ “ጨረሩን ቢወስዱ ኖሮስ?” ይለኛል። እኔም ራሴን ስጠይቅ የማድርባቸው ጊዜያት አሉ። አባቴ የመረጡት ትክክል ነበር ብዬ መማል አልችልም። የመረጡት እሳቸው እንደሆኑ ብቻ አውቃለሁ።

በቀደም አንድ ደንበኛዬ ሱቄ መጣ። ሚስቱም እንደ አባቴ በካንሰር ታማለች። ጎንደር ልውሰዳት ወይስ አዲስ አበባ፣ አንች አይተሽዋልና ምከሪኝ አለኝ።

“እሷስ የት ትላለች?” አልሁት።

“አልነገርናትም” አለኝ ቀስ ብሎ።

ወንበር ስቤ አስቀመጥሁትና ስለ አባቴ ነገርሁት። እሱም አንገቱን እንደደፋ፣ “እንዴት ብዬ ልንገራት?” አለኝ።