ታርቦክሶች ድምፅ የሰጡበት ወታደር

አንድ ሰው ኖሮ ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ መብላቱና መጣላቱ፣ ማፍቀሩና ማኩረፉ ተጨምቆ ሲወጣ ምን ያህል ነው? በዚህ ጥያቄ ፈላስፎች ብዙ ደክመዋል። መልሱን በተግባር የሚያውቁት ግን የመቃብር ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። እነሱ ዘንድ የሰው ዕድሜ ማለት አንድ ስም፣ ሁለት ዓመተ ምሕረትና በመካከላቸው የተጋደመች አጭር ሰረዝ ናት። አርዲዝ ስታውፈር የዕድሜዋን እኩሌታ ያጠፋችው ያችን ሰረዝ ከፍታ ውስጧን ለማየት ስትታገል ነው።

አርዲዝ ኦሃዮ ውስጥ ዌልቢ በምትባል የገጠር ከተማ ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሏ ትዘረዝራለች፤ በዓይኗ ያየችው ግን የከተማዋን ወንዝ ብቻ ነው፤ እሱም በበጋ ይደርቃል። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው። የትውልድ ስሟ ታርቦክስ ነው። ስታገባ የባሏን የስታውፈርን ስም ወሰደች፤ ነገር ግን እንደ ካፖርት ነው የያዘችው፤ ውጪ ስትወጣ ትለብሰዋለች፣ ቤት ስትገባ ታወልቀዋለች።

ባሏ ዌንዴል ማቀዝቀዣ ሲጠግን የኖረ ታጋሽ ሰው ነው። ልጅ አልወለዱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላው ሰው ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ አርዲዝ ብሩሽና ውሃ ይዛ ወደ አንዱ የመቃብር ስፍራ ትነዳለች። ዌንዴል መኪናው ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ ቤዝቦል ያዳምጣል። የራሳቸውን የመቃብር ድንጋይ እንኳ ከገዙት ቆይተዋል፤ ስማቸውና የልደት ዘመናቸው ተቀርጾ የቀረውን ቦታ ክፍት አድርጎ ይጠብቃቸዋል። ዌንዴል ዙሪያውን ሣር ባጨደ ቁጥር ቤቱ አልቋል፣ የቀረን መግባት ብቻ ነው ይላል።

ታርቦክሶች በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ በሁለተኛው እሑድ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ያደርጋሉ። ጉባኤ የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሦስት ሆነው ከተሰበሰቡ ሊቀ መንበር ይመርጣሉ፤ ድንች ሰላጣው ከዶሮው በፊት ይቅረብ ወይስ በኋላ የሚለውን እንኳ አንዱ ሐሳብ አቅርቦ፣ ሌላው ደግፎ፣ እጅ ተቆጥሮ ነው የሚወስኑት። ሊቀ መንበሩ የአርዲዝ ያጎት ልጅ መርል ታርቦክስ ነው። ትራክተር ነጋዴ ነው፤ ሰውንም ሲያናግር ሊሸጠው ያሰበ ይመስላል።

በዚያ ዓመት መርል ትልቅ ነገር አሰበ። ለታርቦክሶች ሁሉ አባት፣ ከምሥራቁ ጠረፍ ከኮኔቲከት በበሬ ጋሪ መጥቶ ዌልቢ ላይ ለሰፈረው ለጃቤዝ ታርቦክስ፣ ያረጀ የመቃብር ድንጋዩ አጠገብ አዲስ ግራናይት እንዲቆምለት አስወሰነ። ግራናይቱ ላይ ሁለት ጠብመንጃ ተጣምሮ «ጃቤዝ ታርቦክስ፣ የነጻነት ጦርነት ወታደር» ተብሎ ይጻፋል። ጃቤዝ ወታደር መሆኑን ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም። በ1777 የጸደይ ወራት ኮኔቲከት ውስጥ ጃቤዝ ታርቦክስ የሚባል ወጣት አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት ላደረገችው ለዚያ ጦርነት መመዝገቡ የታወቀ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ስለ አውራጃው ታላላቅ ሰዎች የታተመው መጽሐፍም «ጀግና፣ ቁጥብ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ» ይለዋል። ያ መጽሐፍ በክፍያ የተዘጋጀ በመሆኑ እያንዳንዱ ቤተሰብ እየከፈለ የራሱን ሰው ታሪክ ራሱ ያጽፍበት ነበር፤ ስለዚህም ከዳር እስከ ዳር ቢገላበጥ አንድ ሰነፍ ሰው አይገኝበትም።

አርዲዝ ለምረቃው ቀን አጭር የሕይወት ታሪክ እንድታነብ ታዘዘች። አንድ ነገር ጎድሏት ነበር፤ ጃቤዝ የተወለደበት ዓመት። አሮጌው ድንጋይ በዘመን ብዛት ወደ መሬት ሰምጦ የመጨረሻው መስመር ከአፈር በታች ገብቷል። ዘመዶቿ ዘጠና አልፎት ነው የሞተው እያሉ በይሆናል ሲያወሩ ኖረዋል እንጂ አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

አርዲዝ በወጥ ማንኪያ ቆፈረች። መስመሩ ወጣ፤ ግን በድንጋይ ሽበት ተሸፍኗል፣ ፊደሉም ተበልቷል። እንዲህ ያለውን ለማንበብ ፀሐይን በመስታወት አንጸባርቆ ከጎን ማብራት ያስፈልጋል። ዌንዴል የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ነቅሎ መጥቷል።

«ወደ ግራ አድርገው» አለችው።

«የማን ግራ?»

«የእኔ ግራ ነዋ። የእሱማ ግራ ከመሬት በታች ነው።»

«ቶሎ በይ እጄ ዝሏል። ደግሞ መንገደኛው ሁሉ መኪናውን ቀዝቀዝ እያደረገ ያየናል። ሟቹን ጢሙን የምንላጨው ሳይመስላቸው አይቀርም።»

«ዝም በል እስቲ። በ1849 ሞተ ይላል። በተወለደ በ...» አርዲዝ ጎንበስ ብላ ፊደሉን በጣቷ ዳበሰች።

«በተወለደ በስንት?»

«በሰባ አንድ ዓመቱ።»

ዌንዴል ሒሳብ አይወድም፤ ቢሆንም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀነሰ። «እንግዲያው ሲዘምት ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አልተወለደም» አለች አርዲዝ።

በማግስቱ ኮኔቲከት ደወለች። የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የቀብር መዝገብ የሚጠብቁት አቶ ፕሬንቲስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸው ከስልኩ ሽቦ ይልቅ የቀጠነ ነው።

«የትኛውን ጃቤዝ ነው የሚፈልጉት፣ የሞተውን?» አሏት።

«ሁለት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል አቶ ፕሬንቲስ፤ ሁሉም ሞተዋል።»

«አይ፣ ቀድሞ የሞተውን ማለቴ ነው። አንደኛው ጃቤዝ በዘመተበት ዓመት መከር ላይ በጦር ሰፈር በተቅማጥ ሞቷል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑንም ጃቤዝ አሉት።»

አርዲዝ ይህንን ልማድ ታውቃለች፤ አለማሰቧ ነው የቆጫት። በዚያ ዘመን የሞተን ልጅ ስም ለሚቀጥለው ልጅ መስጠት የተለመደ ነበር። ስም በከንቱ አይጣልም፤ ለታላቁ የተሰፋው ኮት ለታናሹ እንደሚያልፈው ሁሉ ያልፋል። ዌልቢ የመጣው፣ አሥር ልጆች የወለደው፣ እሷንም መርልንም ያስገኘው ታናሹ ነው። እሱን በተመለከተ ደግሞ የፍርድ ቤት ወረቀት ሞልቷል፤ አጥር አልሠራም ብሎ አሳማዎቹ የጎረቤቱን በቆሎ እየበሉ ዕድሜውን በሙሉ ሲከሰስ ኖሯል።

መጀመሪያ ሳቀች። ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ግን ለጉባኤው የሚሆነውን ድንች ስትልጥ እጅዋ ቆመ።

«ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ዌንዴል።»

«ምስኪን።»

«ስሙን ለወንድሙ ሰጡበት። አሁን ደግሞ መርል ጦርነቱንም ለወንድሙ ሊሰጥበት ነው። ልጅ ስላልወለደ የሚከራከርለት የለም።»

ዌንዴል ቢላዋ አንስቶ ድንቹን አብሯት ይልጥ ጀመር። በዚያ ወጥ ቤት ልጅ ስላልወለደ የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ ቶሎ የሚሄድበት ቦታ አያገኝም።

ለመርል ሱቁ ድረስ ሄዳ ነገረችው። ትራክተር ላይ ተደግፎ አዳመጣትና «ለጉባኤው አቅርቢው» አላት። «እኔ ሊቀ መንበር ብቻ ነኝ፤ አያቶችን የመሻርም የመሾምም ሥልጣን የለኝም።»

እሑድ ደረሰ። ከዌልቢ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከመቃብሩ ስፍራ አጠገብ ባለው የዛፍ ጥላ ሥር ሰባ ያህል ታርቦክስ ተሰበሰበ። ዶሮው ተጠብሶ፣ በቆሎው ተቀቅሎ፣ የፖም ኬኩ በፎጣ ተሸፍኖ ቀርቧል። ግራናይቱ ከመቃብሩ ዘንድ አንሶላ ተከናንቦ ቆሟል። አርዲዝ ተነሥታ ድንጋዩን፣ ስልኩን፣ ሁለቱን ጃቤዞች፣ አሳማዎቹንም ሳይቀር ተናገረች። ጥሩ አስተማሪ ነበረችና ሁሉም ገባቸው። ችግሩም የመጣው ስለገባቸው ነው።

ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አክስት ኦፓል መጀመሪያ አፍ ከፈቱ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የአሳማ ጠባቂ ዘር ሆኜ ልሙት?»

«ጠባቂ አይደለም አክስቴ። ጠባቂ ቢሆን ኖሮ አይከሰስም ነበር።»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ከወዲያ «ታርቦክሶች ድሮም ቸኩለን ነው የምንደርሰው። ሳይወለድ ቢዘምትስ ምን አለበት?» አለ።

መርል እጁን አነሣ። «ጉባኤው ይከበር። ሐሳብ ያለው ያቅርብ።»

«ጃቤዝ አባታችን ወታደር ነበር የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ» አሉ አክስት ኦፓል።

«እደግፋለሁ» አለ ያ ሳቂታው።

አርዲዝ ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። «ሰው የተወለደበትን ዓመት በእጅ ብልጫ ልትቀይሩት ነው?»

«አርዲዝ እኅቴ፣ ይህ አገር የቆመው በእጅ ብልጫ ነው» አላት መርል፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ።»

እጅ ተነሣ፤ እኩሌታው የዶሮ እግር እንደ ያዘ ነበር። መርል መቁጠር እንኳ አላስፈለገውም። ጃቤዝ ታርቦክስ ከሞተ ከመቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ ውስጥ በአንድ እሑድ ቀን፣ ከምሳ በፊት ወታደር ሆነ። አንሶላው ተገፈፈ፣ ተጨበጨበ፣ ሁለቱ ጠብመንጃዎች ፀሐይ ላይ አብለጨለጩ። በጎን በኩል አሮጌው ድንጋይ በማንኪያ የተቆፈረ እግሩን አሳይቶ ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ እንዳለ ቀረ፤ የሚያነብለት አልነበረም።

የታሪክን ነገር ካሰብን ይህ ብዙ ሊያስደንቀን አይገባም። እኛ ያለፈውን እንወርሳለን ስንል እንመርጣለን ማለታችን ነው። የሚያሳዝነው ግን ምርጫ ባለበት ሁሉ የሚሸነፍ አለ፤ ሟች ደግሞ ቅስቀሳ አያደርግም።

አርዲዝ አልተቀመጠችም። «ሌላ ሐሳብ አለኝ» አለች።

«አርዲዝ፣ አይስክሬሙ እየቀለጠ ነው።»

«አጭር ነው። ትልቁ ድንጋይ እንዳለ ይሁን፤ ተሸንፌያለሁ። የምለምናችሁ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ድንጋይ እንድናቆም ነው። 'ጃቤዝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ' ትበል። ወታደር አትበል። ጀግና አትበል። የተቀበረበትን የሚያውቅ የለም፤ ወንድሙ ግን እዚህ ነው። ከወንድሙ ጎን ይሁን።»

መርል ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው አልመሰለም።

«የሚያየው ሰው ይህ ደግሞ ማነው ብሎ ይጠይቃላ» አላት ቀስ ብሎ። «ማን እንደሆነ ከነገርነው ያኛው ማን ሊሆን ነው?»

«ሐሳቤን አቅርቤያለሁ። ደጋፊ ጠይቅልኝ።»

«ደጋፊ አለ?»

ከኋላ፣ ከማቀዝቀዣ ሣጥኖቹ አጠገብ አንድ እጅ ተነሣ። ዌንዴል ነበር።

«ዌንዴል፣ ታውቃለህ መቼም» አለ መርል። «አማች ድምፅ የለውም። ደንቡን ያጸደቅነው አንተ ራስህ በነበርክበት ነው።»

ዌንዴል እጁን አላወረደም። ሰዎች ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። አክስት ኦፓል የኬኩን ፎጣ ያስተካክሉ ጀመር።

«አንድ ታርቦክስ ይበቃል» አለች አርዲዝ። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ብቻ እጁን ያንሣልኝ።»

መርል ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ጠበቀላት። ሌላ እጅ ግን አልተነሣም። ከዚያ የአይስክሬሙን ክዳን ከፈቱ።