አንበጣ የበሉት የመርሳ አምባዛዎች

ጠዋት፣ ወልድያ

የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን ነው፤ ማሽላውን አንበጣ የጨረሰበት ዓመት። ሃያ ኪሎ የባቄላ ዱቄት በባጃጅ ጭኜ መናኸሪያ ወረድሁ። የምሄደው መርሳ አጠገብ በኩሬ አምባዛ ዓሣ ወደሚያረቡት ወደ ጋሽ ይመር ነው። ሥራዬ የዓሣ መኖ ማመጣጠን ሲሆን፣ የዚህ ጉዞ ዓላማ ግን የራሴን ጥፋት ማረም ነበር። በጦርነቱ ምክንያት የዓሣ ዱቄት መምጣቱን ሲያቆም፣ ለዓሣ ጫጩቶቹ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን የኑግ ፋጉሎ ብቻ ይስጧቸው ያልኋቸው እኔ ነኝ። ጫጩቶቹ ቀጨጩ፤ ትልልቆቹም ትንንሾቹን መብላት ጀመሩ። ማሽላው ለጠፋበት ቤት የዓመቱ ተስፋ ያ ኩሬ ብቻ ነው። መኪና አግኝቼ እስክነሳ ደግሞ ሦስት ሳምንት አለፈ።

የሚኒባሱ ረዳት ለእኔ ሃምሳ፣ ለዱቄቱ ሃያ ብር ጠየቀ። ዱቄቱ ለዓሣ መሆኑን ስናገር ሹፌሩ ዓሣም ሽሮ ጀመረ ወይ ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አፍ አላጣሁም፤ መንገዳችን ላይ እስካለችው ሲሪንቃ አስተማርኋቸው። አሚኖ አሲድ የሚባሉት የሥጋ መገንቢያዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ካነሰ የሌላው መብዛት አይጠቅምም። ኑግ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፤ ባቄላ ደግሞ አለው። ወታደር የጫኑ መኪኖችን ለማሳለፍ ዳር ይዘን ስንቆም ሳቁ ቆመ።

ረፋድ፣ መርሳ

በአሥራ አምስት ብር ፓፓያ በልቼ፣ በመስኖው ቦይ ዳር ግማሽ ሰዓት በእግር ሄድሁ። ጋሽ ይመር ቡናማ ዱቄት ሲበትኑ ኩሬው ተናወጠ። ጣቴን የማያህሉ የነበሩት ጫጩቶች አድገው መዳፌን ይሞላሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምን እንዳበሏቸው ስጠይቅ፣ ቆልተው ከፋጉሎው ጋር የወቀጡት አንበጣ ነው አሉኝ።

ደስታዬ ወዲያው ጠፋ። "ጋሽ ይመር፣ መድኃኒት የተረጨበት ቢሆንስ?" አልኋቸው፤ ድምፄ ቁጣ ነበረው።

"አውሮፕላኑ ሳይመጣ ነው የለቀምነው ልጄ። ጎህ ሲቀድ፣ ብርድ አስሮት መብረር ሳይችል። ደግሞ መጀመሪያ ለዶሮ ሰጥቼ አይቻለሁ፤ ምንም አልሆነችም።"

በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ለኑጉ የጎደለውን አንበጣው ይሞላል፤ አንበጣው የሚያንሰው ሜቲዮኒን የሚባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ደግሞ ኑጉ ውስጥ አለ። እኔ ስንት ዓመት ተምሬ የሳትሁትን እሳቸው በሙቀጫ አገኙት። የቀረውን አንበጣ ብናሰላው ዓሣው ለገበያ እስኪደርስ ይበቃል። "ማሽላዬን የበላውን እየበሉልኝ ነው" አሉ እየሳቁ።

እኔ ግን ዝም ብዬ አልቆምሁም። ባቄላም ቢጨመር እንዴት ያምራል ብዬ የዱቄቱን ማዳበሪያ ፈታሁና በጣሳ ሞልቼ ወደ ኩሬው ዘረጋሁ። ከጎናችን ቆመው የነበሩት ባለቤታቸው፣ እትዬ ዘይነባ፣ ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ እሱስ ለኛ ይሁን። ዓሦቹ ጠግበዋል።"

ፊቴ ጋለ። ዱቄቱን መልሼ አሰርሁና እስከ ጓዳቸው ተሸክሜ አስገባሁላቸው። ወዲያው ከላዩ ዘግነው ወጥ ጣዱ፤ በስሎ ሲወርድም የመጀመሪያውን ሳህን ለእኔ ሰጡኝ።

ማምሻውን፣ ወልድያ

ቤቴ ስገባ ደስታው አልለቀቀኝም። ጫጩቶቹ ተርፈዋል፤ የጋሽ ይመር ዓመትም አልጠፋም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ የተጨነቅሁት ስለ ዓሦቹ ምግብ ብቻ ነበር። ስለ ምግብ ሚዛን ማስተማር ከጀመርሁ ስምንት ዓመቴ ነው። አምባዛ ምን እንደሚጎድለው በግራም እነግራችኋለሁ። ያን ዕለት እኔ ከመድረሴ በፊት እትዬ ዘይነባ ምን እንደቀመሱ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።